ቤትም ይናገራል፤ አደባባይም ያስተምራል
በጋሞ ደጋ ሕዝቡ ስለ ቤትና ስለ ሀብት በየቦታው የሚያሳየው ትርኢት

ቴአትር ሲባል ለብዙው ሰው ወዲያው የሚታሰበው ከፍ ያለ መድረክ፥ የሚገለጥና የሚዘጋ መጋረጃ፥ ገንዘቡን ከፍሎ በወንበር ላይ የሚቀመጥ ተመልካች ነው። ይህ ዓይነቱ ቴአትር በአገራችን ከመቶ ዓመት እምብዛም የማይበልጥ ዕድሜ አለው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ምሳሌ የደረሱት ጨዋታ በ1910ዎቹ ዓመታት ታየ፤ የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም ቤት በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሰው የኑሮውን ታሪክ በድርጊት ለማሳየት አዳራሽ እስኪሠራለት ድረስ አልጠበቀም። ከአዳራሹ አስቀድሞ ሜዳው፥ የገበያው ስፍራ፥ የቤቱም ደጃፍ መድረኩ ነበረ።

በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ይህንኑ ነው። የቦታው ባለቤቶች ራሳቸው ተዋንያን ሆነው፥ በራሳቸው ቦታ ላይ፥ ስለ ቤታቸውና ስለ ሀብታቸው የሚያሳዩት ትርኢት በጋሞ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ልጆቻችን ከእርሱ የሚማሩት፥ እኛም አስተውለን የምናርመው ነገር በውስጡ አለና ጉዳዩን በዝርዝር መመልከት ይገባናል።

አርባ ምንጭ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፥ ስሟን ከሰጧት ምንጮች አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ አስቀድሞ በደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ግን መቀመጫው ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ ሆነ። የላይኛው ሰፈር ሴቻ፥ የታችኛው ሲቀላ ይባላል፤ መሥሪያ ቤቱ ከላይ፥ ገበያው ከታች በመሆኑ ከተማዪቱ ከመጀመሪያው እንደ ሁለት እኅትማማቾች ሆና አደገች። ከከተማው ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዳገቱን የወጣ ሰው ሙቀቱን ከኋላው ትቶ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ይደርሳል። በዚያ ጉም፥ እንሰትና ቀርከሃ ይቀበሉታል። በቀርከሃውም መካከል የትርኢታችን የመጀመሪያው ተዋናይ ቆሞ ይታያል፤ እርሱም የዶርዜ ቤት ነው።

የዶርዜ ቤት የሚሠራው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው። ሰንጣቂዎቹ እንደ ቅርጫት እየሸመኑ ከመሬት ወደ ላይ ያወጡታል፤ በመካከሉ የሚደግፈው ምሰሶ የለውም። ክዳኑ የቀርከሃ ቅርፊትና ቅጠል ነው። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከበሩ በላይ ወደ ፊት የወጣው ክፍል እንደ ዝሆን ግንባር ስለሚመስል፥ የአገሩ ሰዎች ቤታቸው በዝሆን አምሳል የተሠራ ነው ይላሉ። በውስጡ እሳቱ በመካከል ይነድዳል፤ ከብቶቹም በአንድ ወገን ተከልለው ያድራሉ፤ ትንፋሻቸው ለቤተሰቡ ሙቀት ይሆናል። ጢሱ በክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ሲወጣ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያለው ቤት ግን አንድ ጠላት አለው፤ ይኸውም ምስጥ ነው። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ የግድግዳውን እግር ይበላል። ባለቤቱም የተበላውን ያህል ከሥር ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ በሩም እንደገና ይከፈታል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ረጅሙን ቤት ያየ እንግዳ አዲስ መሆኑን፥ አጭሩን ያየ ብዙ ዘመን የቆየ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቤቱ ስልሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል ይባላል፤ ወጣት ሳለ የገቡበት ባልና ሚስት ባረጁ ጊዜ እርሱም ከእነርሱ ጋር አጥሮ ያገኙታል። ምስጡ ባየለ ጊዜ ወይም ባለቤቱ ስፍራ መለወጥ በፈለገ ጊዜ ደግሞ ጎረቤቶቹ በደቦ ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ያነሡታል፤ ተሸክመውም ወደ አዲሱ ቦታ ይወስዱታል። ብዙ እግር ያለው ትልቅ ፍጥረት በሜዳ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ያንን ያየ ልጅ ቤት በአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ እንደማይቆም ሲያድግ አይረሳውም፤ ጎረቤት የሌለው ሰው ቤቱን ከምስጥ ማዳን አይችልምና።

ሁለተኛው የትርኢቱ ክፍል ከቤት ወጥቶ ወደ አደባባይ ይሄዳል። በጋሞ ደጋ አርባ ያህል አገሮች በየራሳቸው ወግና ሸንጎ ይተዳደሩ ነበር። እያንዳንዱም አገር ዱቡሻ የሚባል የተከበረ የመሰብሰቢያ ሜዳ አለው። በዱቡሻ ላይ ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ ክርክር ይሰማል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ወግ የጣሰ ይገሠጻል። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን በገደል ላይ የተቀመጠችው የኦቾሎ ሸንጎ እንዲያውም በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የታወቀች ናት፤ ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ በእርስዋ ላይ የጻፈው መጽሐፍ በ1983 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

በዚህ ሸንጎ ፊት ከሚታየው ሁሉ ከፍ ያለው የሐላቃ ሹመት ነው። ስሙ በአማርኛ «አለቃ» ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። ሐላቃ የሚሆነው ሰው በሸንጎ ይመረጣል፤ ከተመረጠም በኋላ ላገሩ ሕዝብ ታላቅ ድግስ ይደግሳል። ለድግሱ የሚሆነው በሬ፥ ቅቤ፥ ገብስና እንሰት ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነው፤ የጋሞ ሰዎች በሽመና ከታወቁ ወዲህም አዲስ አበባ ድረስ ወርደው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ የሠሩት ሸማ ዋጋ ለዚሁ ነገር ይውላል። ድግሱ የሰውየውን ጎተራ ባዶ ሊያስቀረው ይችላል። በበዓሉ ቀን አዲሱ ሐላቃ በራሱ ላይ ብዙ ቅቤ ተጭኖ፥ ልብሰ ክብሩን ለብሶ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር በገበያው ዙሪያ ይዞራል። ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው ቀልጦ በፊቱና በትከሻው ላይ ይወርዳል፤ ሕዝቡም ያያል። በዶርዜ ይህ ዑደት ከታላቁ የመስቀል በዓል ጋር የተያያዘ ነው። «ዮ ማስቃላ» እየተባባሉ በየስፍራው የተበተኑት ሸማኔዎች ወደ እናት አባታቸው ቤት በሚመለሱበት ጊዜ አገሩ ሁሉ ተመልካች፥ አገሩ ሁሉ ተዋናይ ይሆናል።

ነገሩን ያጠኑ የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ዳን ስፐርበር በዶርዜ፥ ዴና ፍሪማን በዶኮ ተቀምጠው የተመለከቱትን በመጽሐፍ አውጥተዋል፤ የፍሪማን መጽሐፍ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለእኛ ግን የድግሱ ፍሬ ነገር በቀላል ቃል ሊነገር ይችላል። በጎተራ የተሸሸገው ሀብት ወደ ሜዳ እንዲወጣ ግድ ይሆናል። ባለጸጋው ሀብቱን ይዞ ቢቀመጥ ሀብቱ ብቻውን ክብር አይሆንለትም፤ ለሕዝብ ባበላ ጊዜ ግን ሀብቱ ያንሳል፥ ስሙም ይተልቃል። ሰው ምን ያህል እንዳለው የሚታየው በሚሰጥበት ቀን ነው። ይህ ሥርዓት ድኻውን ባለጸጋ አያደርገውም፤ ነገር ግን ባለጸጋው ድኻውን ሳያይ እንዳይኖር ያደርገዋል።

በዚህ ላይ አንድ ክርስቲያን አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ እንዲህ ያለው ትርኢት ምን ትላለች? ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ በሰበከ ጊዜ ምእመናን ቅዳሴውን ትተው ወደ ቴአትር ቤት መሮጣቸውን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ጨዋታ ዝሙትንና ፌዝን የተሞላ ነበርና ነቀፋው የእረኛ ነቀፋ ነው። ይሁን እንጂ ያው መምህር ስለ ባለጸጋውና ስለ አልዓዛር ባስተማረ ጊዜ ምሳሌውን የወሰደው ከቴአትር ነው። አሳቡም ይህን ይመስላል፤ በመድረክ ላይ ንጉሥ የሆነው ሰው ሲመሽ ጭምብሉን አውልቆ ተራ ሰው ሆኖ ይወጣል፤ ሀብትና ድኽነትም በዚህ ዓለም የምንለብሳቸው ጭምብሎች ናቸው፤ የሞት ምሽት በደረሰ ጊዜ ሁሉም ይወልቃል፤ ያን ጊዜም እውነተኛው ባለጸጋና እውነተኛው ድኻ ይለያሉ። እንግዲህ ምስጥ የሚያሳጥረውን ቤትና በፀሐይ የሚቀልጠውን ቅቤ ያየ ሰው የአፈወርቅን ትምህርት በዓይኑ አየ ማለት ነው። ጌታችንም ብልና ዝገት ስለሚያጠፋው መዝገብ ሲያስተምር ለሰሚዎቹ ያቀረበው በየቤታቸው የሚያውቁትን ነገር ነበር።

ከሐላቃው ሥርዓት ጋር በየስፍራው የተያያዘ መሥዋዕትና ለሙታን የሚደረግ ነገር እንዳለ አንሰውረውም። ክርስቲያን ከዚህ ክፍል ይርቃል፤ መሥዋዕታችን አንድ ጊዜ በመስቀል ላይ ተፈጽሟልና። ነገር ግን ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋር መጣል ያገበሬ ሥራ አይደለም። ክርስትና በጋሞ ደጋ እንግዳ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ጥንታዊቷ የብርብር ማርያም የአፄ ምኒልክ ጦር ወደዚያ ከመድረሱ አስቀድሞ በዚያ ተራራ ላይ እንደ ነበረች የአገሩ ትውፊት ይመሰክራል። የዶርዜ ሰዎችም ነብር ክርስቲያን ነው፥ ረቡዕና ዓርብንም ይጾማል ይሉ እንደ ነበር ስፐርበር ጽፏል፤ ይሁን እንጂ በጾሙ ቀን ከብቶቻቸውን ያለ ጠባቂ አይተውም ነበር። ይህ ንግግር ፈገግ ያሰኛል፤ ጾም ወደ አገሩ ሰው አሳብ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ገባ ግን ያስረዳል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። ማናቸውም ትርኢት የሚመዘነው በመድረኩ ላይ ባሳየው ብቻ አይደለም፤ ከመድረኩ ውጭ ያስቀረውንም ሰው መቍጠር ያስፈልጋል። በጋሞ ወግ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች፥ ማና እና ደጋላ የሚባሉት፥ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ጋር አይጋቡም፤ መሬታቸው ጥቂት ነበረ፤ በሐላቃነትም አይሾሙም ነበር። ሕዝቡ የሚበላበትን ድስት የሠራች እጅ በድግሱ ላይ ከሌላው ጋር በእኩልነት አትቀርብም ነበር። ይህ ልማድ ከብዙ ስፍራ እየቀነሰ ቢሄድም ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ የሀብትን ታሪክ በጋሞ ለልጆች የሚያሳይ ሰው የሐላቃውን ቅቤ ብቻ አሳይቶ የሸክላ ሠሪዋን ጎጆ ቢሰውር ግማሹን እውነት ቀበረው። ጌታ ዘኬዎስን ከዛፍ አውርዶ በቤቱ በገባ ጊዜ ሕዝቡ አጕረምርሞ ነበር። በዚያ ቤት ግን የሀብቱ እኩሌታ ለድኾች ተሰጠ፥ የተቀማውም አራት እጥፍ እንዲመለስ ቃል ተገባ። የተናቀ ሰው ደጃፍ የድኅነት ስፍራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሁለተኛው ሊነገር የሚገባው ነገር የመሬትና የቤት ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ደጋውን ይዞ በጨንቻ ሰፈረ። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ የጦር ሰፈርን ያመለክት ነበርና ጨንቻ በዚህ በሁለቱም ፍች ከተማ ሆነች። ባላገሩ ገባር ሆነ፤ እህሉንና ጉልበቱን አቀረበ። በደቡብ አገሮች ለአብያተ ክርስቲያናትም የሰሞን መሬት ይሰጥ ነበርና እኛ ካህናትና የካህናት ልጆች ይህንን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርገን ልንሰማው አይገባንም። ኋላም በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በአርባ ምንጭም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ የቀበሌ ቤት የሚባለው የመጣው ከዚህ አዋጅ ነው። በአንድ በር በአንዱ ዘመን ባለቤት፥ በሌላው ዘመን ተከራይ፥ በሌላው ደግሞ ወራሽ ወጥቶበታል፤ ገብቶበታል። በደጋው ላይ የቀርከሃው ቤት በቆርቆሮ ክዳን ቤት እየተለወጠ ሄደ። ቆርቆሮ ምስጥ አይበላውም፤ ለመጠገንም ብዙ ጎረቤት አይጠይቅም። ትርፉም ጉዳቱም በዚህ ላይ ነው። የቀርከሃውን ሥራ የሚያውቁት አረጋውያን ሲያልፉ ከእነርሱ ጋር የሚቀበረው የእጅ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ማን በማን ቤት ላይ ትከሻውን እንዳዋሰ የሚያስታውስም ሰው አይኖርም።

ይህ መታሰቢያ ለምን እንደሚያስፈልግ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ታየ። በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ሰዎች ተገድለው፥ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በቍጣ ተነሥተው በከተማው ውስጥ የሌላ ወገን ንብረት ወደ ሆነው ሁሉ ተመሙ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ልጆቻቸውንም ለመኑ። ያንን ሣርና ያንን ሽበት ተራምዶ ማለፍ በአገሩ ወግ ታላቅ ነውር ነውና ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። የሌላው ሰው ቤትና ሱቅ ዳነ። እነዚያ ሽማግሎች ጨዋታ አልተጫወቱም፤ ነፍሳቸውን አስይዘው ነበር። ሆኖም ያደረጉት ነገር ወጣቶቹን ሊያቆም የቻለው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በዱቡሻ ላይ ሣር ተይዞ ዕርቅ ሲወርድ ስላዩ ነው። ያላዩትን ምልክት ሊያነብቡት ባልቻሉም ነበር። የአደባባይ ትርኢት ለችግር ቀን የሚቀመጥ ስንቅ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

በሌላውም ዓለም ሕዝብ በራሱ ቦታ የሚያሳየው ቴአትር የታወቀ ነው። በጀርመን አገር በኦበራመርጋው መንደር ሰዎቹ ከቸነፈር ቢድኑ የጌታን ሕማማት ለማሳየት ተስለው ከ1634 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳያሉ፤ ልማዱም በየአሥር ዓመቱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሊሆን የነበረው በኮሮና ምክንያት ወደ 2022 ተላለፈ። ተዋንያኑ የመንደሩ ተወላጆች ወይም ለብዙ ዓመት የኖሩባት ናቸው። በእንግሊዝ አገርም በዮርክ ከተማ በመካከለኛው ዘመን የየሙያው ማኅበር የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሠረገላ ላይ ሆኖ በየጎዳናው ያሳይ ነበር፤ የኖኅን መርከብ ሥራ ያሳዩ የነበሩት መርከብ ሠሪዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሙያ ለትምህርቱ አዋሰ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በጥምቀት ታቦቱ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ በጸሎተ ሐሙስ አባቶች የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ይህ ሥርዓተ አምልኮ ነውና ቴአትር ብለን አንጠራውም። ነገር ግን ሰው በጆሮው ከሚሰማው ይልቅ በቦታው ቆሞ ያየውን አጥብቆ እንደሚይዝ አባቶቻችን ማወቃቸውን ያሳየናል።

እንግዲህ በአርባ ምንጭና በደጋው ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች፥ መምህራንና ወላጆች ይህን ጥበብ ለቤትና ለሀብት ታሪክ ቢያውሉት ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ አሮጌ ቤት ወይም አንድ የመንደር ሜዳ ይመረጥ። ልጆቹ ወደ አረጋውያን ሄደው ይጠይቁ፤ ይህን ቤት ማን ሠራው? ማን ተሸከመው? ማን ኖረበት፥ ማንስ ከደጁ ተመለሰ? ድግስ በተደገሰ ጊዜ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከወዴት ቆማ ነበር? የሰሙትን በጋሞኛም በአማርኛም ያሰናዱት፤ በዚያው ቤት ደጃፍ ላይም ያሳዩት።

ሦስት ነገር ግን ይጠበቅ። የመጀመሪያው፥ የቤቱ ባለቤት ሳይፈቅድ አንድም ቃል በደጁ እንዳይነገር ነው። ሁለተኛው፥ በሕይወት ያለ ሰው ወይም ቤተሰቡ በስም ተጠርቶ እንዳያፍር ነው፤ ዓላማው ታሪክን ማወቅ እንጂ ቂምን መቀስቀስ አይደለምና። ሦስተኛውና ዋናው፥ ቀድሞ ከመድረክ የቀሩት ሰዎች ልጆች ስለ ራሳቸው የሚነገረውን ራሳቸው እንዲናገሩት ነው። ሌላ ሰው ስለ እነርሱ አዝኖ ቢናገርላቸው ያው የቀድሞው ልዩነት በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ይሆናል። ከጨዋታውም በኋላ ሁሉም ከአንድ መሶብ አብረው ቢበሉ ከንግግሩ የበለጠ ያስተምራል።

ወላጆችም ይህን እስኪያዩ ድረስ በየቤታቸው ሊጀምሩት ይችላሉ። ልጅ የሚያድርበት ቤት በማን ላብ እንደ ቆመ ሊያውቅ ይገባዋል። ከራት በኋላ አባት ስለ መጀመሪያዪቱ ጎጆው፥ እናት ወደዚህ ቤት ስለ ገባችበት ቀን፥ አያት ስለ ረዳቸውና ስለ በደላቸው ዘመን ሳይሸሽጉ ቢናገሩ፥ ልጁ ሀብትን ከሰው አብልጦ የማይወድ፥ የጎረቤቱም ቤት ሲያዘም ትከሻውን የሚያቀርብ ሆኖ ያድጋል። ምስጥ የማይደርስበትን ቤት ለሁላችን ያዘጋጀልን አምላክ ለዚህ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።